በእርሳስ የተጻፈ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ሸማ ተራ ገብቼ ቡሉኮ ገዛሁ። ሻጯ ልጅ ጨርቁን ከመደርደሪያ አውርዳ ስትዘረጋው ያልታጠበ ወፍራም ጥጥ ሽታ መጣብኝ፤ አቧራም፣ ሙቅም፣ ፀሐይ ላይ የዋለ እህልም የሚመስል ሽታ። ይዤው መውጣት አቃተኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ ዋጋው የከበደኝ መስሏት «እንነጋገራለን እኮ እትዬ» አለችኝ። በእኔ ልጅነት በዚያ ተራ እትዬ ሲባል የምሰማው አያቴን ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ስልኩ ላይ የባሌን መንገድ እያየ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ልንሄድ ነው። ስልኩ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የት ነዳጅ እንዳለ፣ የትኛው ሎጅ ቁርስ እንደሚጨምር ሁሉንም ይነግረዋል። እኔም ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወረድኩ። ሽፋኑ ላይ በልጅ እጅ «ሰናይት፣ 4ኛ ለ» ይላል። ያው መንገድ እዚህም ውስጥ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥር ዓመቴ ነበር። ያስጻፉኝ ደግሞ ወንድ አያቴ፣ አባባ ደምሴ ናቸው።

አባባ ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ፈረንጅ ጭነው ከፓርክ ፓርክ ሲዞሩ ኖረዋል፤ ሰሜን ተራሮችን፣ አዋሽን፣ ባሌን እንደ ግቢያቸው ያውቋቸው ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ጡረታ ወጥተዋል፤ የዓይን ግፊት ይዟቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት። እኔ ይመስለኝ የነበረው ዓይናቸው ያለቀው ብዙ አገር ስላዩበት ነው። አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ስለነበር፣ ብዙ የሄደ ጎማ ጥርሱ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ዓይንም እንደዚያው ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ሰሞን የራሴን ለመቆጠብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ኩንታል ከተሸከመ ሰው ጋር ተላትሜ ግንባሬ አበጠ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አባባ ቀኑን የሚውሉት አባቴ ሱቅ ነው። ከአንድ ከተፈታ መኪና የወጣ የጋቢና ወንበር በሩ ላይ ተደርጎላቸዋል። እዚያ ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ያመጣውን ኩሽኔታ በጣታቸው እያሽከረከሩ «ይሄ አልቋል፣ ይሄ ገና ነው» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። የኔ ሥራ አሥር ሰዓት ላይ እጃቸውን ይዤ ሲኒማ ራስ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ማድረስ ነበር። በእግራቸውም ሲሄዱ ሾፌር ናቸው። ሰው ሲበዛ «ማርሽ ቀንሺ» ይሉኛል፤ ጋሪ ሲመጣ ክንዴን ጠበቅ ያደርጋሉ፣ ፍሬን መሆኑ ነው። መሪዋ እኔ ብሆንም ከእሳቸው ጋር ስሄድ ጠፍቼ አላውቅም።

ሴት አያቴ፣ ተራው በሙሉ እትዬ አስካለ የሚላቸው፣ እኛ ደግሞ እማማ የምንላቸው፣ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ይሸጡ ነበር። ከአዲስ አበባ የወጡት ሁለት ጊዜ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም ብቻ ነው። አገሩን ግን በገዢው ያውቁታል። «ድሬዳዋ ሳሳ ያለ ነጠላ ነው የሚወስደው። ደብረ ብርሃን ጋቢ። ባሌ ቡሉኮ ነው፤ እሱንም ውፍረቱን በጣቱ ሳይለካ አይገዛም» ይላሉ። አንድ ሰው ገብቶ ጨርቅ ሲዳስስ ገና አፉን ሳይከፍት አገሩ ምን ያህል እንደሚበርድ ይነግሩታል።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል አንድ ያረጀ ቃል ነበር። አባባ ከባሌ በተመለሱ ቁጥር ሳነቴ ስለሚባል ቦታ ያወሩላቸዋል። ከጎባ በላይ ነው፤ ዛፍ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ጀሪካን ውስጥ ይጋገራል፤ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቆሞ መኪናውን ያያል። እማማ «እኔንስ መቼ ነው የምትወስደኝ?» ሲሏቸው፣ አባባ «ሥራ ነው እኮ አስካለ፤ ሽርሽር አይደለም። ጡረታ ልውጣና» ይሉ ነበር። ጡረታ ወጡ፤ ዓይናቸውም አብሮ ጡረታ ወጣ።

አራተኛ ክፍል በገባሁ ዓመት፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ አባቴ ለዕቃ ማመላለሻ ብሎ አንድ አሮጌ ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዛ። አባባ ዙሪያውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ኮፈኑን፣ ባሌስትራውን፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ። ከዚያ ቀና ብለው «ይሄ ሳነቴ ይወጣል» አሉ። እራት ላይ ነገሩ ተቆረጠ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ እኔ የመንፈቅ ዓመት እረፍት ስወጣ እንሄዳለን። አባቴ ይነዳል፣ አባባ ጋቢና ተቀምጠው መንገድ ይመራሉ፣ እማማና እኔ ከኋላ። እናቴ ሕፃኑን ወንድሜን ይዛ ቤት ትቀራለች።

በማግስቱ አባባ ደብተር አምጪ አሉኝ። ከቦርሳዬ ሳወጣ እስክሪፕቶውን ቀጭ ሳደርገው ሰሙት።

«እርሳስ» አሉ። «መንገድ በእስክሪፕቶ አይጻፍም። ዝናብ ይቆርጠዋል፣ ድልድይ ይሰበራል። ሾፌር በእርሳስ ነው የሚጽፈው።»

ጻፍኩ። በኪሎ ሜትር አልነበረም የሚያስጽፉኝ፤ በየቦታው በሚሠራው ሥራ እንጂ። ሞጆ፤ ቁርስ። ዝዋይ፤ ጎማ ማየት። ላንጋኖ፤ ሐይቁ ውስጥ እግር መንከር፣ ግማሽ ሰዓት። ሻሸመኔ፤ ምሳ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ከዚያ ወደ ግራ። ኮፈሌ፤ ጉም ካለ መብራት። ዶዶላ፤ ሻይ። አዳባ፤ መንገድ መጠየቅ። ዲንሾ፤ ፓርኩ በር፣ ማደር። ጎባ። ሳነቴ። ስንመለስ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን።

«አዳባ ላይ ማንን ነው የምንጠይቀው?» አልኳቸው።

«ከላይ የሚመጣ ሾፌር። መንገድ የሚጠየቀው ከዚያ የመጣ ሰው ነው። የሚሄደው የሚነግርሽ ተስፋውን ነው።»

ጥቅምትና ኅዳር በዚህ ደብተር አለፉ። እማማ ለአንድ ሸማኔ የራሳቸውን ቡሉኮ አዘዙ፤ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲሸጡ የኖሩትን። ተሠርቶ የመጣ ቀን ቤቱ በሙሉ በዚያ ሽታ ተሞላ። አልጋ ላይ አጋድመው አለበሱኝና «ከበደሽ?» አሉኝ። ሰው የተኛብኝ ያህል ከብዶኝ ነበር። «እንግዲያው ለሳነቴ ይሆናል» አሉ። ሱቅ ለመጣው ሁሉ «ጥር ላይ አታገኙኝም፤ ባሌ ነኝ» ይሉ ጀመር። ጎረቤት ነጋዴዎች «እትዬ አስካለ፣ ሙሽራ ሆኑ እኮ» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እሳቸውም ደስ እያላቸው ይሳደባሉ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን እማማ ሱቃቸው ውስጥ ጥቅል ሊያወርዱ ተንጠራርተው መሬት ላይ ተቀመጡ። ትንፋሽ አጠራቸው፤ እግራቸውም አብጦ ነበር። አባቴ ሐኪም ቤት ወስዷቸው መድኃኒት በወረቀት ከረጢት ይዘው ተመለሱ። «ደም ማነስ ነው» ተባለ። ለእማማም፣ ለጎረቤትም፣ ለእኔም የተነገረው ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታችን ላይ ቀይ ሥር አልጠፋም፤ ሽንቴ ሳይቀር ቀልቶ ደንግጬ ነበር።

በዚያው ሳምንት አባባ የጋቢናቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ «ላጲስ አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ሳነቴን አጥፊ።»

«ለምን?»

«መንገዱ ተበላሽቷል አሉ።»

አጠፋሁ። ከቀናት በኋላ ጎባን። ከዚያ ዲንሾን። ከዚያ አዳባና ዶዶላን። ገና ሲደርስ ከሻሸመኔ ወደ ግራ ያለው ሁሉ ጠፍቶ፣ ቆላ ቆላው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ላንጋኖ፣ ወንዶ ገነት፣ ሐዋሳ። ላጲሱ ወረቀቱን አሳስቶት ጀርባው ይታያል። እማማ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋው ተባሉ።

«በበጋ?» አሉ እማማ።

«በበጋም ይናዳል» አሉ አባባ።

እማማ አባባን ትክ ብለው አዩአቸው። አባባ ይህን ሊያዩ አይችሉም፤ እኔ ግን አየሁ።

እኔም የራሴን ምክንያት አገኘሁ። አንድ ቀን ልወስዳቸው ስሄድ አባባን ወንበራቸው ላይ አጣኋቸው። ሱቁ ጎን የቆመው ፒካፕ ውስጥ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ነበሩ። ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፤ ጉንጫቸው ላይ እንባ ይወርዳል። ተመልሼ ከጥግ ቆሜ ጠበቅኩ። ያን ቀን የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ አባባ በገዛ ተራራቸው ላይ እንደ ዕቃ ተጭነው መውጣት አፍረዋል፣ ለዚህ ነው የሚያስጠፉኝ። ተናደድኩባቸውም። እማማ ቡሉኮ አሠርተው እየጠበቁ እሳቸው ስለ መሪ ያለቅሳሉ ብዬ።

የገና ዋዜማ ደብተሬን ይዤ ሸማ ተራ ሄድኩ። እማማ ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቁም። ገጹን በሩ ላይ ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ያጎደጎደበትን እየተከተልኩ የጠፉትን ስሞች አነበብኩላቸው። ኮፈሌ። ዶዶላ። አዳባ። ዲንሾ። ጎባ። ሳነቴ።

«ማን አጠፋው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። አባባ አጥፊ ብለውኝ።»

«ተራራው ተንዶ ነው?»

«አይደለም። ራሳቸው ስለማይነዱ አፍረው ነው።» ፒካፑ ውስጥ ያየሁትን ነገርኳቸው።

እማማ የያዙትን ጋቢ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ምስኪን» አሉ። «ይሄ ነው እንዴ ነገሩ?»

በማግስቱ የገና ምሳ ላይ ሁላችንም ከበን እንደተቀመጥን እማማ ተናገሩ። «እኔ ሐዋሳ ምን ልሠራ? ዓሣ ልቆጥር? ሳነቴ ካልሆነ ከቤቴ አልወጣም። ስማ ደምሴ፣ መሪውን ልጅህ ይያዘው፤ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ሳታሳየኝ ማን ሊያሳየኝ ነው?»

የአባቴ እጅ ገበታው ላይ ቆመ። እኔ የአባባ ፊት ሲበራ ለማየት ነበር የጠበቅሁት። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። አባቴ ወደተቀመጠበት ዞሩ። ዶሮው ሳይነካ ቀረ ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ከሱቅ ስወስዳቸው አባባ መንገድ መሀል ቆሙ። ሰው በሁለት በኩል ይገፋናል።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት?»

«አዎ አባባ።»

«ነይ ጥግ ያዢ።» አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ አስጠጋኋቸው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልቧ ነው የደከመው። ደም ማነስ አይደለም። ሐኪሙ ለአባትሽ ከፍታ ላይ ካወጣችኋት አትመልሷትም ብሎታል። ለዚህ ነው ያስጠፋሁሽ።»

«ለእሳቸው ለምን አትነግሯቸውም?»

«የደከመ ልብ ይሄን ሰምቶ በምን ይቆማል?»

እኛ ቤት ይህ ጥያቄ መልስ አያስፈልገውም። ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት እንኳ መርዶው ጎረቤት ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይነገረውም። ይህን እያወቅሁ አደግሁ፤ በእማማ ላይ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም።

«አሁን እምቢ ብላት ለምን ትለኛለች» አሉ አባባ። «ምክንያቱን ብነግራት ይገድላታል። እሺ ብዬ ባወጣት ደግሞ በገዛ እጄ ነው።»

አለቀስኩ። አባባ በጋቢያቸው ጫፍ ፊቴን ፈልገው ጠረጉልኝ። «ያጠፋሽው የለም። እኔ ነኝ ሳልነግርሽ ያስጠፋሁሽ» አሉኝ። ቤት እስክንደርስ ማርሽ ቀንሺ አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከበዱኝ። ማንም እሺም እምቢም አላለም። አባቴ የፒካፑን ፍሬን እንደገና ያስፈትሻል፤ ፍሬኑ ምንም አልሆነም ነበር። እማማ ቡሉኮውን አጣጥፈው በር አጠገብ አስቀምጠውታል፤ ሳልፍ ሽታው ይከተለኛል። ሌሊት እየነቃሁ የእማማን ትንፋሽ አዳምጥ ነበር።

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሸማ ተራ በሰው ተጨናነቀ። ነጠላ እያጣጠፍኩ አግዛቸው ነበር። ገዢ ጋብ ሲል እማማ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ሰናይት፣ ነይ እስቲ ተቀመጪ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አባትሽንም ደምሴንም አልጠይቅም፤ እነሱ ይዋሻሉ። አንቺ ገና አልለመድሽውም። ምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

«ደም ማነስ...»

«ቀይ ሥሩን ተይው። ሳነቴ ካልኩበት ቀን ጀምሮ እሱ እንቅልፍ የለውም። ያፈረ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ እንዲህ የሚሆነው የፈራ ሰው ነው።»

ነገርኳቸው። ልባቸውን፣ ከፍታውን፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሁሉንም። ከዚያ አፌን በእጄ ይዤ ደረታቸውን ማየት ጀመርኩ። አባባ በምን ይቆማል ብለውኛል፤ ስለዚህ አሁን ሲቆም አያለሁ ብዬ ነው። የአንገት ሐብላቸው ማዕተባቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከፍ ዝቅ ማለቱን አልተወም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

እማማ የጀመሩትን ነጠላ ጥለት ከጥለት ገጥመው አጣጠፉና ክምሩ ላይ አኖሩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል ነበር» አሉ። «እናንተ ደግሞ የሰው በሽታ ትደብቃላችሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ይሄን ብቻውን ተሸክሞ ነው የሚዞረው?»

«ከአባቴ ጋር ነው።»

«አባትሽማ ልጅ ነው።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ከነጠላው ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። «ስሚ። አልነገርሽኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ደምሴ ይሄን እንዳያውቅ። አወቀች ብሎ ከሚሰቀቅ አላወቀችም ብሎ ይረፍ። ማይ።»

«እናቴ ትሙት» አልኩ።

እራት ላይ እማማ እንደ ወትሯቸው እያሾፉ ጀመሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሳነቴህን ተወው። ዛሬ አንድ የባሌ ገዢ መጥቶ ብርዱን ሲያወራልኝ ጉልበቴ ሱቅ ውስጥ ሆኖ ተቆረጠመ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ውስጥ ብዘፈዘፍ ይሻለኛል።»

ያን ቀን የባሌ ገዢ አልመጣም፤ ቀኑን ሙሉ አብሬያቸው ነበርኩ።

«የእውነትሽን ነው አስካለ?» አሉ አባባ።

«እርጅና ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል?»

አባባ ሳቁ። ብዙ ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እማማ ሲስቁላቸው አየኋቸው።

ጥር መጨረሻ ላይ ሄድን። አባቴ ቡሉኮውን አይቶ «እማዬ፣ ለሐዋሳ ሙቀት?» ቢላቸው፣ «የሐይቅ ንፋስ አይታመንም» ብለው በእኔና በእሳቸው መካከል አስቀመጡት። አባባ ጋቢና ተቀምጠው ሁሉንም ከእኛ ቀድመው ያዩ ነበር። «ሞጆ ገባን፤ ቆዳው ሸተተኝ።» «አሁን በግራ ሐይቅ አለ፤ ንፋሱ ረጠበ።» ላንጋኖ ላይ እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ነከሩ። ውሃው ቡናማ ነው። «ይሄ ሻይ ነው እንጂ ሐይቅ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ያበጠው እግራቸው ውሃው ውስጥ ተሰውሮ እንደ ድሮው መስሎኝ ነበር። በደብተሩ ላይ የተጻፈው ግማሽ ሰዓት ነው፤ አባባ ግን ሰዓት እንዳለፈ ማንንም አላስታወሱም።

ሻሸመኔ ምሳ በልተን ፒካፑ ውስጥ እንደገባን አባባ ጣታቸውን በመስኮት አውጥተው «እዚህ ጋ ነበር ወደ ግራ» አሉ፤ ለማንም እንዳልተናገሩ ሁሉ ቀስ ብለው። አባቴ ነዳጅ ሊሞላ ወረደ። ከማዶ አንድ አውቶቡስ ቆሟል፤ ረዳቱ «ጎባ! ጎባ!» እያለ ይጣራል።

እማማ በሩን ከፈቱ። ቡሉኮውን አቅፈው ወረዱና እየቆሙ፣ ትንፋሽ እየወሰዱ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አየኋቸው። በአንድ መስኮት ስስ ሻርፕ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል።

«የኔ እናት፣ ጎባ ነው የሚሄዱት?» ሲሉ ሰማሁ።

«ከጎባም አልፌ ነው። ቤቴ ሪራ ነው» አሉ ሴትየዋ ቀስ ባለ አማርኛ።

«ተራራውን ያልፋሉ?»

«አልፈዋለሁ እንጂ።»

እማማ ቡሉኮውን በመስኮቱ አስገቡላቸው። «ላይ ሲደርሱ ይልበሱልኝ።»

ሴትየዋ ግራ ገባቸው። ጨርቁን በጣታቸው ለኩት፤ ባሌ ናቸውና። «ስንት ነው?» አሉ።

«ዋጋ የለውም። ብቻ ላይ ሲደርሱ።»

«አስካለ የት ሄደች?» አሉኝ አባባ ከፊት ወንበር።

«ዳቦ እየገዙ ነው» አልኩ። ቶሎ ነው የመጣልኝ። እማማ ገና አልለመድሽውም ካሉኝ ወር እንኳ አልሞላም ነበር።

ወንዶ ገነት ፍል ውሃው ውስጥ ጉልበታቸውን ዘፈዘፉ። ሐዋሳ ሁለት ቀን አደርን። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ሐይቁ ሲያዞር እማማ የራሳቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቀመጡ ነበር፤ በዚያ በኩል ሩቅ ሰማያዊ ተራራ ይታያል። ሲመሽ ቀዝቀዝ አለና አባባ «ቡሉኮውን ልበሺ» አሏቸው። «አልበረደኝም» አሉ እማማ። ስንመለስ ዝዋይ ላይ ጎማ ሊታይ ቆምን። አባባ ወርደው ወደ ኋላ በር መጡ፤ እጃቸውን ሰደው በእኔና በእማማ መካከል ያለውን ባዶ ወንበር ዳሰሱ። ከዚያ በሩን ዘጉት።

እማማ ሁዳዴ ሳይፈታ አረፉ። ሸማ ተራ ተዘግቶ ተቀበሩ፤ ተራው ሲዘጋ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነበር። የአርባቸው ተዝካር ካለፈ በኋላ አባባ እንደገና ወደ አባቴ ሱቅ መሄድ ጀመሩ፤ ኩሽኔታ ሲያቀብሏቸው ግን ጭናቸው ላይ ይዘውት ይቀራሉ።

አንድ ቀን ልወስዳቸው ስመጣ አልተነሡም።

«ሰናይት።»

«አቤት አባባ።»

«አስካለ ታውቅ ነበር?»

ስንት ቀን ሲያስቡት እንደከረሙ ከድምፃቸው ገባኝ። እናቴ ትሙት ብዬ ምያለሁ። ባልምልም ኖሮ ሌላ የምላቸው አልነበረኝም።

«አያውቁም ነበር» አልኩ።

«ሳታውቅ ሄደች።»

«አዎ አባባ።»

ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ «ደብተሩ አለ?» አሉ።

ሁልጊዜም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ሻሸመኔን አውጪው። ከዚያ ወደ ግራ ጻፊ። የምትሄጂበት ቀን ይመጣል።» እርሳሴን ስፈልግ ቦርሳው ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ሰሙ። «እሱን ተይው» አሉ። «እስክሪፕቶ አውጪ።»

በሰማያዊ እስክሪፕቶ፣ ላጲስ ባሳሳው ወረቀት ላይ፣ በጎደጎደው የድሮ ፊደል ላይ ጻፍኩ። ኮፈሌ፤ ጉም ካለ መብራት። ዶዶላ፤ ሻይ። አዳባ፤ መንገድ መጠየቅ። ዲንሾ፤ ማደር። ጎባ። እዚህ ስደርስ በየቦታው የሚሠራ ሥራ እንደነበረ አስታወስኩ፤ ለሳነቴ ግን ያኔም ምንም አልተጻፈለትም።

«ሳነቴ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ አባባ?»

አንድ የተጫነ መኪና በሱቁ ደጃፍ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«ቡሉኮ መልበስ» አሉ። «የአስካለን እንኳ ያቺ ሴትዮ ለብሳው ወጥታለች።»

ሻሸመኔ ላይ ዳቦ እየገዙ ነው ብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን የእሳቸውም መስኮት ክፍት ነበር። እስክሪፕቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ፤ ቀና ብዬ ባያቸው ፊታቸው ወደ እኔ ነበር። ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ እማማ ማወቃቸውን፣ እኔ መዋሸቴን። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን አገኙት።

«ጻፊ» አሉኝ።

ጻፍኩት።